የአሥራ አንደኛው ፎቅ ጥለት

የጋሽ ወርቅነህን ሞት ያረዳኝ ሰው የለም። መርዶ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ለዘመድ ነው የሚነገረው፤ እኔ ለሱ ምኑም አይደለሁም። የሰማሁት ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ታክሲ ውስጥ ነው። ከሰፈሬ ከሁርሊንግሃም ወደ መሃል ከተማ ለሥራ ስሄድ ከፊቴ ሁለት ያገሬ ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ «ያ ፍሪጅ ጠጋኙ፣ የእትዬ የሺ ባል፣ ትናንት ቀበርነው እኮ» አለች።

«ውይ! ምን ሆኖ?»

«ምን ይሆናል፣ ያ ሕንፃ ነው የገደለው። ከዚያ ካባረሩት ወዲህ መቼ ሰው ሆነና።»

መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ረዳቱ «ማማ፣ አንቺ እኮ እዚያ ነበር የምትወርጂው!» ብሎ ሲጮህብኝ ነው የነቃሁት። «ያ ሕንፃ» የምትለው እኔ ዛሬም የማጸዳው ሕንፃ ነው። ጋሽ ወርቅነህን የገደለው ሕንፃው ከሆነ ደግሞ እኔም አለሁበት።

ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላውቅበትም።

ሕንፃው አሥራ አራት ፎቅ ነው፤ ከላይ እስከ ታች መስተዋት፣ ውስጡ ቢሮ ብቻ። እኔ ሠራተኛው ሲወጣ የምገባ ጽዳት ነኝ። ጋሽ ወርቅነህ የሕንፃው መብራትና የአየር ማቀዝቀዣው፣ የኤሲው፣ ኃላፊ ነበር። ኬንያዎቹ ፉንዲ ይሉታል፤ በነሱ ቋንቋ ባለሙያ ማለት ነው። አገር ቤት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲጠግን ነው ፀጉሩ የሸበተው። የትምህርት ወረቀቱ በስደት መንገድ ላይ ስለጠፋ ኢንጂነር ብሎ የሚጠራው አልነበረም። እሱም ቅር አይለው፤ «ሞተር ወረቀት አይጠይቅም» ይላል። አንቱ ስለው ግን ይቆጣል። «ጋሼ በይኝ ይበቃል፣ አታስረጂኝ።»

እጁ አይረሳኝም። ሽቦውን፣ ግድግዳውን፣ የኤሲውን ቱቦ በመዳፉ አይነካም፤ በእጁ ጀርባ ነው፣ እናት የልጇን ግንባር አተኮሰው ብላ እንደምትነካው። ነክቶ ትንሽ ይቆምና «ይህ ፎቅ ሌሊት አልተኛም» ይላል።

«ሐኪም ቤት እንውሰደው እንዴ ጋሼ?» እለዋለሁ።

«ሐኪሙማ እኔ ነኝ። መድኃኒት የሚገዛልኝ አጣሁ እንጂ።»

በሊፍት ይወጣል እንጂ አይወርድም። «መውረድን እግዜር በነፃ ሰጥቶናል» እያለ ከአሥራ አራተኛ ፎቅ በእግሩ እያፏጨ ይወርዳል። ሲወርድ የየፎቁን መብራት ያጠፋል። እኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩና ከኋላው እየተከተልኩ አበራለሁ። አንድ ቀን በስዋሂሊ ጮኸብኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የምን መብራት ነው ብሎ። እኔ በአማርኛ ለራሴ «ይጨልም የለ እንዴ፣ ይኼ ሽማግሌ!» ብዬ አጉረመረምኩ። ደረጃው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሽማግሌ ያልሽው እኔን ነው?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ሳቀና «ሲጨልም ታበሪያለሻ፣ እቱ» አለኝ። በዚህ ተዋወቅን። ከዚያ ወዲህ እቱ እንዳለኝ ቀረ።

ጨለማ ለምን እንደምፈራ እዚህ አልጽፍም። በሞያሌ በኩል በመንገድ የመጣች ሴት ታውቀዋለች። እሱም አልጠየቀኝም።

ባዶ ክፍል ውስጥ የበራ መብራት ካየ ምግብ አይወርድለትም። «ማንም ለሌለበት ክፍል የሚበራ መብራት፣ ለሞተ ሰው የሚቀርብ ምሳ ነው» ይል ነበር። አንድ ጊዜ በሐምሌ፣ ናይሮቢ በብርድ በምትጨማደድበት ወር፣ ከሰባተኛ ፎቅ «እቱ፣ ነይ ጉድ እዪ!» ብሎ ጠራኝ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሻል ተከናንባ ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ ኤሲው ይነፋል፤ ከእግሯ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀልቷል።

«ከላይ በረዶ፣ ከታች እሳት» አለ፤ «መሃል ላይ አንዲት ምስኪን።» ከዚያ በስዋሂሊ «እመቤቴ፣ ማን እንዲያሸንፍ ነው የምትፈልጊው?» አላት። ሴትየዋ ሳቀች። ኤሲውን ዘጋላት፤ በማግሥቱ ማሞቂያዋን ራሷ ተሸክማ አመጣችለት። «ናይሮቢ እግዜር ራሱ ኤሲ የገጠመላት ከተማ ናት» ይለኝ ነበር። «እነዚህ በመስተዋት ዙሪያዋን ያጥሩና ፀሐይ ያስገባሉ። ከዚያ ያቺኑ ፀሐይ ለማስወጣት ቀኑን ሙሉ ማሽን ያሠራሉ።»

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ይነሣል። ጭሱ የሚወጣው ከሕንፃው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ነው። እዚያ ዋንጂሩ የምትባል ሴት ሻይና ማንዳዚ፣ የነሱን ቦምቦሊኖ፣ ትሸጣለች። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ማንዳዚውን በሻሿ ትሸፍናለች፤ እሷን ግን ሳል ያጣድፋታል። ጋሽ ወርቅነህ ይህን ለሕንፃው ማኔጀር ቢነግረው «ጭስ ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው፣ ምን ቸገረህ?» አለው።

«ይሄዳል» አለ ጋሽ ወርቅነህ። «ግን በዋንጂሩ ሳንባ በኩል ነው የሚያልፈው።»

ከዚያ በኋላ መብራት ረስቼ ከወጣሁ አይቆጣኝም። «ይኸው፣ ዋንጂሩን ሳል ሊይዛት ነው» ብቻ ይለኛል። ከቁጣው ያ ይብሰኛል።

ኋላ ላይ የሕንፃው ባለቤቶች ተጨነቁ። ከላይ አራት ፎቅ የተከራየው የውጭ ድርጅት፣ ሕንፃው የሚፈጀውን ኤሌክትሪክና የሚያወጣውን ጭስ ካልቀነሰ እንለቃለን አለ። ማኔጀሩ ጋሽ ወርቅነህን ጠርቶ «ስታወራ የኖርከውን እስቲ አሳየን» አለው። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያሉትን ፎቆች ሰጡት፤ ስድስት ወርም ሰጡት። ቆጣሪው ከወረደ ሕንፃው በሙሉ በእጁ ሊሆን፣ ካልወረደ ቦታውን ሊለቅ ተስማማ። ያን ቀን ደረጃውን ሲወርድ ማፏጨቱን ትቶ ዘፈነ።

ጣሪያው ላይ ሴንሰር የሚባል ነገር ሰቀለ፤ እንቁላል የምታክል ነጭ ነገር ናት። ሰው ሲንቀሳቀስ ካየች መብራቱንም ኤሲውንም ታሠራለች። አሥር ደቂቃ የሚንቀሳቀስ ካጣች ሁለቱንም ታጠፋለች። ጽዳቶቹን ሰብስቦ «ይህች የቤት እመቤት ናት፤ እንግዳ ሲሄድ በር ትዘጋለች» አለን። ሁላችንም ሳቅን።

አሥራ አንደኛው ፎቅ የኔ ነበር። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ በአጭር በአጭር ግርዶሽ የተከለሉ። እኔ ከግርዶሾቹ ሥር ተንበርክኬ የወለሉን ጠርዝ ስፈገፍግ፣ ድርግም! ጨለማ። ዘልዬ እነሣለሁ፣ እጄን አወናጭፋለሁ፣ ይበራል። ደግሞ እንበረከካለሁ፣ ደግሞ ድርግም። ለጋሽ ወርቅነህ ልንገረው እልና አፍራለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ጨለማ ፈራሁ ይባላል?

ገና ሲደርስ ቢሮዎቹ ጌጥ ሰቀሉ። አንድ ሪባን ከኤሲው አየር መውጫ፣ ከሴንሰሯ አጠገብ፣ ወርዶ ይወዛወዝ ነበር። እሱ እስካለ ድረስ መብራቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋብኝም። ጌጡን ሲያወርዱት ጨለማው ተመለሰ። ያኔ ገባኝ። ካረጀች ነጠላዬ ላይ የጥለቱን ጫፍ ቀደድኩ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ፣ አየር መውጫው ላይ አሰርኩት። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ምን ያደርጋል ብዬ። በመጀመሪያ ቀን ስወጣ ፈታሁት። በሁለተኛው ቀን ወገቤን አመመኝና ተውኩት። ከዚያ በኋላ እዚያው ኖረ።

ሰው ከወጣ በኋላ አንድ ጨርቅ ብቻውን የሚያበራ አልመሰለኝም። የማላውቀው ነገር ይህ ነበር፤ ጨርቁ ሲወዛወዝ ሴንሰሯ ሰው አለ ብላ አየሩን ታሠራለች፤ አየሩ ደግሞ ጨርቁን ያወዛውዘዋል። እኔ ወጥቼ ልጄን አቅፌ ስተኛ አሥራ አንደኛው ፎቅ በባዶው እስኪነጋ ይበራል፣ ይነፋል። ቅዳሜ። እሑድ። በበዓል።

የሌሎቹ ሦስት ፎቆች ቆጣሪ ወረደ። የአሥራ አንደኛው ግን የሦስቱን ትርፍ በላው። ጋሽ ወርቅነህ ሽቦውን ሁሉ በእጁ ጀርባ ዳበሰ። ሴንሰሮቹን ፈትቶ ገጠመ፣ ደግሞ ፈታ። ጨርቁንም አይቶታል፤ የኤሲ ሠራተኞች አየር መንፋቱን ለማየት መውጫው ላይ ክር ያስራሉ፣ ያንን መስሎት አለፈው። ፊቱ ከሳ። ማፏጨቱ ቀረ። የጥበቃ ሠራተኞቹ ከውጭ ሆነው በእረፍት ቀን ፎቁ በርቶ እያዩ መንፈስ ገብቶበታል ብለው ማውራት ጀመሩ። ማኔጀሩም በስላቅ «ፉንዲ፣ መንፈስህ ዛሬም አድሯል?» ይለዋል።

መንፈስ ሲባል እኔ የባሰ ፈራሁ። ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በጠርሙስ አምጥቼ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ እያለቀስኩ ረጨሁ። ራሴ ያሰርኩት ጨርቅ ሥር ቆሜ ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ለልጄ ለሜሮን ነገርኳት። እዚሁ ያደገች ናት። «ማሚ፣ ፕሊዝ! ጎስት ምናምን የለም። ሴንሰሩ የሚንቀሳቀስ ነገር እያየ ነው። እዚያ የሚወዛወዝ ነገር አለ?» አለችኝ።

ያሰርኩት ጥለት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ስድስቱ ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በማግሥቱ ልፈታው ሠራተኛው እንደወጣ በቀጥታ ወደ አሥራ አንደኛው ፎቅ ወጣሁ። ጋሽ ወርቅነህ መሰላል ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጨርቁ በእጁ ነው፤ በእጁ ጀርባ ይዳብሰዋል።

«የእጅ ፈትል ነው» አለ ሳያየኝ። «ስንት ዓመት ከክር ጋር የኖርኩ ሰውዬ፣ ሳልነካው አለፍኩት።»

ሕንፃው ውስጥ ካለነው ጽዳቶች ያገሩ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው ቢያገኘው ቡትቶ ብሎ ይጥለው ነበር።

«ጋሼ…»

«ቆይ።» ቀስ ብሎ ወረደ። «ስትሠሪ እንዴት እንደምትሆኚ አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«ስትፈገፍጊ። አሳዪኝ እስቲ።»

በጠረጴዛዎቹ መካከል ተንበረከክሁ። እሱም ጉልበቱን እየደገፈ አጠገቤ ተንበረከከ። ውጭ ፀሐይ ገብታ ነበር። ወለሉን እንፈገፍጋለን፤ እኔ በጨርቄ፣ እሱ በመሐረቡ። አሥር ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል አላልኩም። ከዚያ ድርግም አለ። እንደ ሕፃን ክንዱን ለቀም አደረግሁት።

በጨለማው ውስጥ «አይ ወርቅነህ!» ሲል ሰማሁት። ራሱን ነው የሚጠራው። «አያይሽም። ቆሞ የሚሄደውን ብቻ አስቤ ነው የሰቀልኩት። ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው መኖሩን ረሳሁ። እኔ! የጽዳት ልጅ!»

እናቱ የፋብሪካ ጽዳት እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«ጥፋቱስ የኔ ነው ጋሼ።»

«አንቺማ ፈርተሽ ነው። እኔ ምን ሆኜ ነው?» ተነሥቶ እጁን ሲያወዛውዝ በራ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ስድስቱ ወር የሞላ ዕለት ማኔጀሩ ሁላችንንም ታች ሰበሰበን። «እህ ፉንዲ፣ መንፈሱን አገኘኸው?» አለው።

«አገኘሁት።»

«ማን ነው?»

ጋሽ ወርቅነህ ሰዉን ሁሉ አየ። ዓይኑ እኔ ጋ ደረሰ፤ ሳይቆም አለፈ። «እኔ ነኝ። አሰቃቀሉን ተሳስቻለሁ» አለ።

ባልዲዬን ይዤ ቆሜያለሁ። የሥራ ፈቃዴ በቀጠረኝ የጽዳት ድርጅት ስም ነው፤ ካባረሩኝ ፈቃዱም ያበቃል፤ ፈቃዱ ካበቃ ሜሮን ከትምህርት ቤቷ ትወጣለች። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሰዓት ይህን ሁሉ አላሰብኩም። አፌ ነው የደረቀው። ምክንያቱን የደረደርኩት በኋላ ነው።

በስምምነቱ ልቀቅ ሲሉት አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ አላቸው። ዕቃውን ሊሰበስብ መስሏቸው ፈቀዱለት። ቀኑን ሙሉ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ዋለ፤ ምን ትሠራለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ማታ ላይ ስገባ ጥለቱን አጥቦ፣ አጥፎ ሰጠኝ።

«ነጠላሽ ላይ መልሰሽ ስፊው፤ አይጣልም።»

«ሄጄ እናገራለሁ ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ አለሽ። እኔ ሙያ አለኝ፣ የትም እሠራለሁ» አለኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ በደረጃው ወረደ። መብራት ሳያጠፋ የወረደው ያን ቀን ብቻ ነው።

የትም አልሠራም። ወሬው ቀድሞት ነበር፤ ማሽን ያሳፈረው ፉንዲ ተባለ። ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር ካለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰው ፍሪጅ ሲጠግን ሦስት ዓመት ኖረ። እኛ ሕንፃ ሌሎች ሰዎች መጡ፤ ያንኑ እንቁላል የመሰለ ሴንሰር በየፎቁ ሰቀሉ። ቆጣሪው ወረደ። ትልቁ ጄኔሬተር ወጥቶ ትንሽ ገባ፤ ዋንጂሩንም ሳሉ ተዋት። መግቢያው ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት የመስተዋት ሰሌዳ ተሰቀለ። ይህ ሕንፃ ኃይል የሚቆጥብ ነው ይላል አሉ። የጋሽ ወርቅነህ ስም የለበትም። በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በከዘራ። እጁን አነሣልኝ። እኔ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ፤ ያችኑ ጥለቷን የቀደድኳትን። አልሰፋኋትም ነበር።

ለቅሶው ቤት ሄድኩ። መቀመጥ አልቻልኩምና ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ አጠብኩ። ከሳሎን የወንዶቹ ወሬ ይሰማል። «ጎበዝ ሠራተኛ ነበር እኮ፤ ምን ያደርጋል፣ በስተርጅና ማሽን አምኖ ተዋረደ» ይላል አንዱ። ሌላው «እጁም ከድቶት ነበር ይላሉ» ይለዋል። ሁለት ቀን ይህን እየሰማሁ አጠብኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ እትዬ የሺ አጠገብ ሄጄ ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥለቱንም ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ።

እስክጨርስ ጥለቱን በጣታቸው ይዳብሱት ነበር።

«ስንቴ ጠየቅሁት» አሉ በመጨረሻ። «‹ወርቅነህ፣ አንተ አንድ ሞተር ተሳስተህ የማታውቅ ሰው፣ ምን ነካህ?› ስለው ‹አረጀሁ የሺ፣ ተሳሳትኩ› ይለኛል። እኔም አመንኩት።» ጥለቱን አነሡት። «የሰው ፍሪጅ ይዞ በገባ ቁጥር ‹ይህንንም እንዳታበላሸው› እለው ነበር። ሦስት ዓመት! እሱ ይስቃል። እኔ ደግሞ የሚስቀው አፍሮ ይመስለኝ ነበር።»

ያን ጊዜ እንደ አዲስ አለቀሱ። ከቀብሩ ቀን የባሰ አለቀሱ አሉ በኋላ ሰዎቹ። የባላቸውን ሥራ ብቻ መስሎኝ ነበር የወሰድኩት። ለካ ባላቸውንም ወስጄባቸው ኖሯል፤ በሕይወት ሳለ፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አልኩ።

«አሁን አይሆንልኝም።» ጥለቱን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «ለአርባው ነይ። ‹እጁ ከዳው› ያሉት ሁሉ ይመጣሉ። የነገርሽኝን በፊታቸው ትናገሪዋለሽ። ስለ ይቅርታው ከዚያ በኋላ እናያለን።»

አርባው ሐሙስ ነው። እኔን ለጽዳት ድርጅቱ ያስቀጠረኝ ሰውዬ፣ የዛሬው አለቃዬ፣ ያገራችን ሰው ነው፤ የነእትዬ የሺ ማኅበር አባል ስለሆነ አይቀርም። ከሰማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ይህን የጻፍኩት አፌ ደግሞ እንዳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ ይዤው አነበዋለሁ። ሜሮን ፊደሌን እያረመች አነበበችው።

«ማሚ፣ ቢያባርሩሽስ?» አለችኝ።

«እንጃ ልጄ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ እንጃ።

ትናንት አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ተንበርክኬ እንደ ያን ቀን ሰዓት ያዝኩ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያም አለፈ። መብራቱ አልጠፋም። እስከ ትናንት አዲሶቹ ሰዎች ያስተካከሉት ይመስለኝ ነበር፤ ግርጌውን ስዳብስ ግን አገኘሁት። ጋሽ ወርቅነህ በዚያ በመጨረሻ ቀኑ ሲሠራ የዋለው ይህንን ነበር፤ ከግድግዳው ግርጌ፣ በተንበረከከ ሰው ራስ ልክ፣ ሌላ ሴንሰር ገጥሞ ሄዷል። ከሕንፃው ሁሉ እዚያ ብቻ ነው ያለው። አዲሶቹ ሰዎች ለምን እንደተገጠመ ስላልገባቸው አልነኩትም። እኔ ስወጣ ያጠፋል፤ ተንበርክኬ ሳለሁ ያበራልኛል።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተንበርክኬ አየኝ። ሐሙስ ቆሜ እናገራለሁ።